እማዬን ስልክ ላይ ጠይቃ ሮምን ለመረጠችልን እህታችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

ውድ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ምስጋና ስላለብኝ ነው። በዚያውም በአውሮፓ አጭር ጉዞ አስባችሁ የት እንደምትሄዱ ግራ ለገባችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው።

የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እማዬ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ ክረምቱን አብራን ከረመች። ከመመለሷ በፊት ለአራት ቀን አንድ ከተማ እናሳያት፣ ታሪክ ያለበት ይሁን፣ ምግቡም የሚጥም ይሁን ተባባልን። ባለቤቴ ፓሪስ አለች፣ እኔ ቪየና አልኩ፣ ልጃችን ከለንደን ውጪ አልሰማም አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስንከራከር እማዬ አጠገባችን ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ስለ እሷ ነው የምንጨቃጨቀው፣ እሷን ግን አንዳችንም አልጠየቅናትም።

በመጨረሻ አንድ ወዳጃችን የዚህችን እህት ቁጥር ሰጠን። ያደገችው ሮም ነው፣ እናቷ በወጣትነታቸው ሰው ቤት ለመሥራት ጣሊያን የገቡ ናቸው። የአስጎብኚነት ፈቃድ አላት። ከዚያም ሌላ ለሀበሻ ቤተሰቦች ወደ ተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች አጫጭር ጉዞ ታሰናዳለች። ደውዬ ስለ ፓሪስና ስለ ቪየና ዋጋ መጠየቅ ስጀምር አቋረጠችኝና «እናትህ አጠገብህ አሉ? ስልኩን ለእሳቸው ስጥልኝ» አለች።

«እማማ፣ እንደምን ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጾም ይይዛሉ? ምን ቢያዩ ደስ ይልዎታል?»

እማዬ አንድ በአንድ መለሰች። ደረጃ ይከብዳታል። ሁዳዴ ላይ ነን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ዓሣም አትበላም። ምን ማየት እንደምትፈልግ ስትጠየቅ ደግሞ ትንሽ ዝም ብላ «የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ የነበረበትን ቦታ ባይ» አለች። ይህን ስትል በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እህታችን ምርጫውን በግልጽ አስረዳችን። ለንደን ወዲያው ወጣ፤ የእማዬ ቪዛ የሸንገን ነው፣ እንግሊዝ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ሊዝበን ታምራለች፣ ግን ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። የፓሪስ ሜትሮ ብዙ ጣቢያው ደረጃ እንጂ ሊፍት የለውም። ቪየና ለሙዚቃና ለሥዕል ወደር የላትም፣ ምግቧና ኬኳ ግን ቅቤና ሥጋ ስለሚበዛው በጾም ይከብዳል። ሮም ከፍራንክፈርት በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አትሞላም፤ ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ መሐል ከተማ ቴርሚኒ ጣቢያ ድረስ ያለው ባቡር 32 ደቂቃ ነው። እኔ ሮምን የፈራሁት በቺዙና በሥጋው ምክንያት ነበር። እሷ ግን «መጋቢት እኮ የአርቲቾክ ወቅት ነው፣ እማማ ሮምን በጾም ነው ማየት ያለባቸው» አለች። አርቲቾክ አበባው ሳይፈካ እምቡጡ የሚበላ አትክልት ነው።

ከዚህ በፊት በአንድ የጉዞ ድርጅት በኩል ወደ ሌላ ከተማ ሄደን ነበር። ሆቴሉ ከከተማ ውጪ፣ ምግቡ ከአስፋልት ዳር፣ ቀኑ በሰልፍ ያለቀበት ጉዞ ነበር። ይህን የማነሳው ልዩነቱ እንዲታያችሁ ብቻ ነው።

ፕሮግራሟን ሳየው ነው ሙያ ምን እንደሆነ የገባኝ። ሮም ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቱን ዘግቶ ማታ ነው የሚከፍተው። እማዬ ደግሞ ጾሟን የምትፈታው ልክ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ሐሙስና ዓርብን ለብቻ አሰበቻቸው፣ ቅዳሜና እሁድን ለብቻ። በአይሁድ ሰፈር ያሉ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ዓርብ ማታ ለሰንበት ስለሚዘጉና ቅዳሜም ስለማይከፍቱ እዚያ የምንበላው ሐሙስ እንዲሆን አደረገች፤ ከሰዓት የማይዘጋውን ቤት ቀድማ ደውላ ያዘችልን።

የበላነው አርቲቾክ በአይሁዶቹ አሠራር ሙሉውን እንዳለ በዘይት ሁለት ጊዜ የተጠበሰ ነው። ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ ይከፈታል፣ ጫፉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ልቡ ግን ለስላሳ ነው። እህታችን አስተናጋጁን ዘይቱ ሥጋ ወይም ዓሣ ተጠብሶበት እንደሆነ ሳትጠይቅ አላዘዘችም። አብሮ ቺኮሪያ መጣ፤ ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ በዘይት የተጠበሰ ቅጠል ነው፣ እማዬ ገና ስትቀምሰው «ጎመናችን!» አለች። በልተን ስንወጣ ልጄ መንገዱ ላይ የተቀበሩትን፣ የናዚ ሰለባዎች ስም የተጻፈባቸውን ትንንሽ የናስ ድንጋዮች አየች። ፍራንክፈርት እኛ ሰፈርም ስላሉ አወቀቻቸው። ጥቅምት 16 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ከዚህ ሰፈርና ከከተማው ከ1,000 በላይ አይሁዶችን አፍሰው ወሰዱ። እህታችን ይህን ለልጄ የነገረቻት ቀስ ብላ፣ ዕድሜዋን አይታ ነው።

ዓርብ የዳነው በፎርኖ ነው። ፎርኖ ማለት ዳቦ መጋገሪያ ነው፤ እኛ ፉርኖ የምንለው ቃል ከዚሁ የመጣ ነው፣ እማዬ ሰሌዳው ላይ ሲነበብላት ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ አለ። «ፒዛ ሮሳ» በሉ፤ ሊጥ፣ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ነው፣ ቺዝ የለውም፣ ቆርጠው በሚዛን ይሸጡላችኋል። ማታ ደግሞ ሽምብራ በፓስታ በላን፣ ዓሣ እንዳይገባበት ተነግሮ። ልጄ ጾም ስለማትይዝ በየቀኑ ያዘዘችው ካቾ ኤ ፔፔ ነበር፤ ፔኮሪኖ የበግ ቺዝ፣ ቁንዶ በርበሬና የፓስታው ውኃ፣ ሌላ ምንም። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ብዙ ቤት ዋጋ ይጨምራል። ማኪያቶ ካዘዛችሁ ደግሞ የአዲስ አበባውን አትጠብቁ፣ ወተት ጠብ ያለበት ትንሽ ስኒ ነው የሚመጣላችሁ።

የኮሎሲየም፣ የጥንቱ የሮማውያን ስታዲየም፣ ትኬት በስም ነው የሚቆረጠው፣ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ያስተያዩታል። እኔ የላክሁላት የእማዬን የቤት ስም ነበር። የፓስፖርቱን ፎቶ ካልላክህ አልቆርጥም ብላ እምቢ አለች፤ ያንን ባታደርግ እማዬ ውጪ መቅረቷ ነበር። ውስጥ ሊፍት እንዳለም እሷ ናት የነገረችን።

እማዬን የነካት ግን ኮሎሲየም አይደለም። ሳን ሉዊጂ የሚባል የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መግቢያው ነፃ ነው። የጣሊያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆ ሦስት ሥዕሎች አሉበት፣ ሦስቱም የወንጌላዊው ማቴዎስ ናቸው። ጨለማ ነው፤ ሳንቲም ስትከቱ መብራት ይበራል። ጌታ ጣቱን ዘርግቶ ቀራጩን ከገንዘብ ጠረጴዛው ሲጠራው እማዬ ማንም ሳይነግራት «ማቴዎስ ነው» አለች። መብራቱ ሲጠፋ እህታችን ሌላ ሳንቲም ከተተች፣ እንደገና ሌላ። የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ በነበረው በፓንቴዮን በር ላይ ደግሞ እማዬ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች፤ ከ609 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሰምታለችና። እህታችን ክንዷን ይዛ «እማማ፣ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው፣ ድንጋዩም ይበርድዎታል» አለቻት። ጣሪያው መሐል ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍት ቀዳዳ አለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይወርዳል።

ቫቲካን ሄደናል፣ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. በግዕዝ የመጀመሪያው ሐዲስ ኪዳን ሮም የታተመው እዚያ በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮን ጥረት ነው። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ዘው ተብሎ የሚገባበት አይደለም፤ እህታችንም ይህን ሳትሸፋፍን ነገረችን፣ አደባባዩ ላይ ቆማ አቅጣጫውን በእጇ አሳየችን።

እሁድ፣ ከበረራችን በፊት፣ ወደ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ወሰደችን። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ፖርታ ካፔና ይባላል። ሐውልቱ በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ተወስዶ የቆመው እዚህ ነው። ጣሊያን በ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የወሰደችውን ልትመልስ ፈርማ ነበር፤ የተመለሰው ግን በ1997 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) ነው፣ በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። እማዬ ያን ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ሲያይ እልል ማለቷን ታስታውሳለች። አሁን ቦታው ላይ ሁለት የጥንት ሮማውያን ዓምዶች ቆመዋል፣ ለመስከረም 11ዱ (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ። መኪና ይመላለሳል፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ረጅም ጊዜ ቆመች። «ባዶ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ» አለች። እህታችን ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ነበር፣ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ ሰዓቷንም አላየችም። አውሮፕላኑ እንዳያመልጠን የተጨነቅሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ታክሲውን ቀድማ ጠርታው ኖሯል።

እህታችን፣ ለእማዬ ያደረግሽውን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። እማዬ አሁንም ከአዲስ አበባ ስትደውል «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ትላለች።

ለምትፈልጓት፦ ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ክፍያዋን ከመጀመሪያው ትናገራለች፣ በኋላ የጨመረችው የለም፤ ከምግብ ቤቶችም ኮሚሽን አትቀበልም። ሰው ይዛ በምትዞርበት ቀን መልእክት የምትመልሰው ማታ ነው፣ ታገሡ። ለፋሲካ ሰሞን ከሆነ ግን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ደውሉላት። ጠፍጣፋ ጫማ ያዙ፣ የሮም መንገድ ጥርብ ድንጋይ ነው። እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ስልኩን ለእሳቸው ስጧቸው።