ጥቆማ ለጎፋና አካባቢው ሰው፦ የኮፒ ቤቷ ልጅ

እናቴ የልጅ ልጇን ለማየት ዱባይ ልትሄድ ስለሆነ ፓስፖርት ማውጣት ነበረባት። ፓስፖርት ደግሞ እንደ ድሮው ኢሚግሬሽን በር ላይ ተሰልፎ አይጀመርም። ፎርሙ ኦንላይን ይሞላል፣ የልደት ሰርተፍኬትና መታወቂያ ስካን ተደርጎ ይገባል፣ ብሩ ይከፈላል፣ ቀጠሮ ይያዛል። ኮምፒውተር ለለመደ ሰው ግልግል ነው። እንደ እናቴ በተን ስልክ ለያዘ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ መስኮት ሰፈር ያለው ኮፒ ቤት ሆኗል። እኔም ፎርሙን ከፍቼ ሳየው ራሴን አላመንኩም። ተያይዘን ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ሄድን።

ይህን የምጽፈው እዚያ የምትሠራውን ልጅ ላመሰግን ነው።

ገና ከመጀመሯ ስክሪኑን ወደ እናቴ አዞረችው። "እማማ፣ ስምዎን ፊደል በፊደል አብረን እንየው" አለቻት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ከፋይዳ ዲጂታል መታወቂያዋ፣ ከልደት ሰርተፍኬቱና ከባንክ ደብተሩ ጋር አስተያየችው። ባንክ ደብተሩ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ተገኘ። እኛ ለዓመታት ይዘነው ስንዞር አላየነውም።

ቀጥሎ የልደት ቀን መጣ። እናቴ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1953 ነው፣ በጥር ሚካኤል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 ይሆናል። ቸኩሎ 1953ን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ቢገጥመን እናቴ ቁጭ ባለችበት 8 ዓመት ታረጅ ነበር። ልጅቷ አንዴ በስልኳ፣ አንዴ በወረቀት አሰላችው። መስከረም ላይ ለተወለደ ልዩነቱ 7፣ ጥር ላይ ለተወለደ 8 እንደሆነም ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ከሁሉ የወደድኩላት ግን የስልክ ቁጥሩን ነገር ነው። የእኛን ቁጥር አስገባች። ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። የአጎቴ ልጅ ሌላ ሰፈር ሲያስሞላ በኮፒ ቤቱ ባለቤት ስልክና ኢሜይል ሞሉለት። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ለማወቅ እንኳ ሰውየውን መለማመጥ ነበረበት፣ በየሄደበትም ይከፍላል። ይህቺኛዋ ክፍያውን ከራሴ ቴሌብር እንድከፍል አደረገችኝ፤ የማመልከቻ ቁጥሩን አትማ በእጃችን ሰጠችን።

የፋይዳዋን መታወቂያ ልናሳትም ስንል ደግሞ ማረጋገጫ ኮድ በእናቴ ስልክ በቴክስት መጣ። "ለኔም አይንገሩኝ፣ ራስዎ ይጻፉት" ብላ ኪቦርዱን አስጠጋችላት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሮቹን በአንድ ጣት እየፈለገች መታች። ስትጨርስ "ገባ?" አለች። ገባ። ከዚያ ወዲያ ምርቃቱን አትጠይቁኝ።

እኛ እዚያው እያለን አንድ ጎረምሳ ፋይዳ ልመዝገብ ብሎ ብር አውጥቶ መጣ። "ምዝገባው በነጻ ነው፣ ጣት አሻራና የዓይን ምስልም እዚህ አይነሳም፣ የምዝገባ ጣቢያ ሂድ" ብላ መለሰችው። አንድ ሁለት መቶ ብር ልትቀበለው ትችል ነበር፣ ማን ያያታል?

መቼም ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸንቷል፣ የመንግሥት የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሆነው መሶብም ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ብዙ አገልግሎት አንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል። በበኩሌ ጥሩ ነው እላለሁ። ግን የእናቴን ዕድሜና ስም ያዳናት ሲስተሙ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

እንከን የላትም አልልም። ቀስ ትላለች፣ ከኋላ የቆመ ሰው ያጉረመርማል። ከለር ፕሪንቷም ከጎረቤቶቿ ትንሽ ወደድ ይላል።

ስሟን እዚህ መጻፍ ስላልፈለገች የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ኦሪጅናል ሰነዶቻችሁን ያዙ። ቴክስት የሚገባበትን ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ቴሌብራችሁ ላይም ብር ይኑር። ከሰዓት በኋላ መብራት እየሄደ ስለሚያስቸግር ጠዋት መሄድ ይሻላል።