የስዊፍት ዩአይ ፒከር በቡና ችግኝ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሲመዘን

አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ስዊፍት ዩአይ (ለአፕል መሣሪያዎች የአፕ ገጽታ መሥሪያ) ውስጥ፣ እኛ ጅማ ላይ ለምንሠራቸው የመመዝገቢያ አፖች በብዛት የሚያስፈልገን ፒከር፣ ማለትም ከዝርዝር አንዱን የሚያስመርጠው ክፍል ነው። የምመዝነው የቡና ችግኝ ሥርጭት በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ ሲሠራ ባየሁት መሠረት ነው። በጥቂት መስመር ኮድ ይሠራል፤ መልኩን ከሜኑ ወደሚሽከረከር ዝርዝር (ዊል) ለመቀየር አንድ መስመር ይበቃል። በዚህ በኩል የምነቅፈው የለኝም።

ዋናው ጉዳይ ተጠቃሚው አንዱን ሲነካ የሚመዘገበው ምንድን ነው የሚለው ነው። ፒከሩ የሚይዘው በስክሪኑ ላይ የሚነበበውን ጽሑፍ ሳይሆን ከጽሑፉ ጋር የታሰረውን ታግ፣ ማለትም የማይታይ ምልክት ነው፤ ዝርዝሩ በፎርኢች (ለእያንዳንዱ አባል አንድ መስመር በሚያወጣው ትእዛዝ) ከተሠራ ደግሞ፣ ሌላ ታግ እስካልጻፍን ድረስ፣ የእያንዳንዱ አባል መለያ በቀጥታ ታግ ይሆናል። ስለዚህ ምርጫውን የሚቀበለው ተለዋዋጭ (በኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚያዝበት ስም) ከመለያው ጋር አንድ የዳታ ዓይነት መሆን አለበት። መለያው ቁጥር ሆኖ ተለዋዋጩ ሙሉውን የዝርያ መዝገብ የሚጠብቅ ከሆነ ኮዱ ያለ ስህተት ኮምፓይል ይደረጋል (ወደሚሠራ አፕ ይቀየራል)፣ ዝርዝሩም በትክክል ይታያል፣ ምርጫው ግን አይያዝም። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይህ ዝምታ ነው። በኋለኞቹ እትሞች ተዛማጅ ታግ እንደሌለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በኤክስኮድ (የአፕል የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) የመልእክት መስኮት ላይ መውጣቱ ተገቢ መሻሻል ነው፤ ሆኖም ለጀማሪ በቂ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ጉዳት የሚደርሰው ዓይነቱ ገጥሞ መለያው ሲበላሽ ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን 74110፣ 74112 እና 74165 የተባሉትን የቡና ዝርያዎች እንውሰድ። አንድ የአፕ ገንቢ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን የተራ ቁጥር መለያ ቢያደርግ፣ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር፣ 74165ን የመረጠ አርሶ አደር መዝገብ ላይ የሚቀመጠው 2 ነው። በኋላ 74140 በቅደም ተከተሉ መሠረት መሐል ሲገባ፣ ያ 2 የ74140 ይሆናል፤ ማንም ሳይነካው የአርሶ አደሩ ችግኝ ሌላ ዝርያ ሆኖ ይነበባል። ዝርዝሩ በተጫነ ቁጥር አዲስ የሚፈጠር መለያም ትናንት የተቀመጠውን ምርጫ ዛሬ ባዶ ያደርገዋል። ዝርያዎቹ ግን ቋሚ ቁጥር ይዘው የመጡ ናቸው፤ ያንን ቁጥር መለያ ማድረግ ብቻ በቂ ነበር።

በስም የሚታወቁት ወረዳዎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በከተማችን አንድ ቅጽ በአማርኛም በኦሮምኛም መከፈት አለበት፤ የሚታየው ስም ራሱ መለያ ከሆነ፣ በአማርኛ «ጎማ» ተብሎ የተቀመጠው የወረዳ ምርጫ ቋንቋው ሲቀየር የሚገጥመው ታግ ያጣል። በተለያዩ ወረዳዎች ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቀበሌዎች ሲኖሩ ደግሞ ስም ብቻ አንዱን ከሌላው አይለይም። ቋንቋ የማይነካው ኮድ መለያ ሆኖ፣ ስሙ ለዕይታ ብቻ ቢቀርብ ሁለቱም ችግሮች ይወገዳሉ።

ለዝርያ፣ ለወረዳና ለቀበሌ ቋሚ ኮድ ላዘጋጀ ቡድን ይህን ፒከር ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ዝርዝሩ ገና ከወረቀት ወይም ከኤክሴል እየተገለበጠ ለሚሠራ ቡድን ግን ኮዶቹን ማደራጀት ይቅደም፤ አብዛኛው ተጠቃሚያችን አንድሮይድ የሚይዝ በመሆኑ እነዚያው ኮዶች ለአንድሮይድ እትሙም ያገለግላሉ።