ጓሳ፦ ከቱሪዝሙ በፊት የነበረ ጥበቃ

በመንዝ የሚገኘውን የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ በእንግዳ ማረፊያው ምቾት ብቻ የሚመዝን ሰው ፍርዱ ይዛባል። ማረፊያው ቀላል ቤት ነው፤ ስንቅና የመኝታ ከረጢት ይዞ መሄድ የእንግዳው ፈንታ ሲሆን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ውርጫም ደጋ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እኔ ከፍተኛ ግምት የምሰጠው ለአስተዳደሩ ነው።

የመንዝ ሰው ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ከከብትም ከማጭድም ተከልሎ ይቆይና፣ በአለቆቹ ፈቃድ ሲከፈት ባለመብቶቹ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆናቸውን ያጭዱ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ በርስት ላይ የቆመው ቀሮ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ፤ ኋላ ግን ነዋሪዎቹ ጥበቃውን በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቋቋሙት። ይህን እንደ ትልቅ ሥራ እቆጥረዋለሁ።

ቱሪዝሙ የተተከለው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ በጓሳ የሚኖረው በሣሩ ውስጥ የሚርመሰመሱትን አይጦችና ፍልፈሎች እያደነ ስለሆነ፣ እንግዳው ሊያየው የመጣው እንስሳና ገበሬው ጣሪያውን የሚከድንበት ሣር በአንድ ደንብ ይጠበቃሉ። የቱሪዝም ማኅበሩ በእንግዳ ገንዘብ ብቻ በቆመባቸው መንደሮች ግን ባለፈረሶች እንግዳ በሚጭኑበት ተራ ሊጣሉ፣ እንግዳ ሲጠፋም ማኅበሩ ሊበተን ይችላል። በኮሮናም ሆነ በጦርነት ምክንያት እንግዳ ቢቀር፣ የጓሳ ሰው ሣሩን የሚጠብቅበት ምክንያት አይቀርም። የመንደር ቱሪዝም ለማቋቋም ገንዘብ የሚመድቡ ሁሉ ከማረፊያ ግንባታ በፊት እንዲህ ያለ ምክንያት መኖሩን ቢመረምሩ እመኛለሁ።

መስተንግዶው ገና ብዙ ሊሠራበት የሚችል ነው። ከእንግዶች የተገኘው ገቢ በየዓመቱ ለምን እንደዋለ በማረፊያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የሚከፍለውም የሚጠብቀውም ይተማመናል። የምግብ አቅርቦቱ በአካባቢው ሴቶች እጅ ቢሆን ደግሞ፣ አጥሚቱና የገብስ ቂጣው ለእንግዳው ስንቅ፣ ለእነርሱም ገቢ ይሆን ነበር።

ለመሄድ የሚመቹት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። መንገዱ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው ሲሆን፣ ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት የግድ ነው።