ለቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አስጎብኚ የቀረበ ምስጋና

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው፣ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ዳር በሚገኘውና ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በተቃዋሚዎቹ ላይ ባካሄደው የግድያ ዘመቻ የሞቱትን በሚዘክረው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለሚያገለግሉ አንድ አስጎብኚ የቤተሰቤን ምስጋና ለማቅረብ፣ እንዲሁም ወደዚያ ለመሄድ እያሰቡ ልባቸው ለሚያመነታ ሰዎች እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ያልጻፍኩት ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ነው፤ ሆኖም በዚያ ቤት ያሉት አስጎብኚዎች ዘመኑን በገዛ አካላቸው ያለፉበት ሰዎች በመሆናቸው፣ ማናቸውም ቢቀበሏችሁ የምትሰሙት የዓይን ምስክር ቃል እንደሚሆን አምናለሁ።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነበር፤ እኔ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄና ዕድሜዋ ሰባ አምስትን ያለፈው አክስቴ። ሐሳቡ የልጄ ነበር። አክስቴ ግን እንሄዳለን ስንል ሰምታ «እኔም እመጣለሁ» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ፤ ምክንያቱም በቤታችን ስለዚያ ጉዳይ የማይወራው ለእርሷ ሲባል ነው። አክስቴ ታናሽ ወንድሟን ያጣችው በ1970 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጊዜው እርሱ የ19 ዓመት ወጣትና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በአንድ የአሰሳ ሌሊት ከቤት ተወሰደ፤ ከዚያም አያቴ ለሦስት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ስንቅ እየቋጠረች ወደታሰረበት ከፍተኛ (የቀበሌዎች የበላይ ጽሕፈት ቤት) ስትመላለስ ቆይታ፣ አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። አስከሬን አልተሰጠም። ድንኳን አልተተከለም፣ እድርም አልተጠራም፤ ማልቀስ የተከለከለ ነበርና ጎረቤት እንኳ በር ዘግቶ ነው የተከዘው። አያቴ ጥቁር ልብስ ሳትለብስ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሌሊት ሌሊት ታለቅስ እንደነበር አክስቴ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሙዚየሙ በር ፊት ለፊት የቆሙትን የሦስት ሴቶች ሐውልት አልፈን ስንገባ፣ አስጎብኚው ወዲያው ገለጻቸውን አልጀመሩም። ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከቤተሰብ ያጣችሁት ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቁ። አክስቴ «ወንድሜን» አለች። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ የቱ ክፍል ምን እንደያዘ አስቀድመው በዝርዝር ነገሯትና፣ ካልፈለገች ወደ መጨረሻው ክፍል መግባት እንደማይኖርባት፣ መቀመጥ ባሰኛት ጊዜም ወንበር እንደሚያመጡላት ገለጹላት። እኔ ብዙ ሙዚየም አይቻለሁ፤ ጎብኚው ከሚያየው ነገር ጋር ያለውን ዝምድና ጠይቆ ሥራውን የሚጀምር አስጎብኚ ግን ከዚህ ቀደም አላጋጠመኝም።

ገለጻው የሚጀምረው ከ1966ቱ አብዮት ዋዜማ ነው። «መሬት ላራሹ» የሚለው የተማሪዎች ጥያቄ፣ የወሎ ረሃብ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት መውጣታቸው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ሌሊት የ60ዎቹ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ መረሸን፣ ሁሉም በፎቶግራፍ ተደርድሯል። ይህን ክፍል ልጄ ከመጽሐፍ ስለምታውቀው ፈጠን ብለን አለፍነው። የቆምነው አስጎብኚው ወደ አደባባዩ አቅጣጫ እጃቸውን ዘርግተው፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየወረወሩ የከሰከሱት እዚሁ፣ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው ሜዳ ላይ መሆኑን የነገሩን ጊዜ ነው። ልጄ አደባባዩን የምታውቀው በደመራና በታላቁ ሩጫ ነው። ከዚያ ንግግር በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ለሜይ ዴይ ዋዜማ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በጅምላ መገደላቸውን፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ እንደ እርሷ ያሉ ልጆች እንደነበሩ ሲነግሯት፣ ልጄ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከተተች፤ እስክንወጣም ድረስ አላወጣችውም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩላቸው ፍርዳቸውን ነው። እርሳቸው በወጣትነታቸው ደርግን ይቃወም በነበረው በኢሕአፓ ፓርቲ አባልነት ተጠርጥረው ከታሰሩትና ከተገረፉት አንዱ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ታሪኩን ለራሳቸው ወገን አድልተው አልነገሩንም። ኢሕአፓ በከተማ ውስጥ ያካሄደውን ግድያ አልሸፈኑም፤ ሌላው የግራ ፓርቲ መኢሶን በመጀመሪያ ከደርግ ጋር ቆሞ እንደነበረና በኋላ አባላቱ በዚያው ሰይፍ እንደተበሉ በእኩል ሐዘን ነው ያስረዱት። ያለ ፍርድ መግደልን ስለፈቀደው «ነጻ እርምጃ»፣ አስከሬን በየመንገዱ ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይጣል ስለነበረበት ሁኔታ፣ የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ ስለተባሉ ወላጆች ሲናገሩ ድምፃቸው አልጨመረም። «ወፌ ላላ» የሚባለው ግርፋት እጅና እግር ታስሮ፣ ዘንግ በጉልበት ሥር ገብቶ፣ ሰው ቁልቁል ተሰቅሎ ውስጥ እግሩን የሚገረፍበት መሆኑን ለልጄ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሯትና ዝም አሉ። እኔ ስረዳው ዝም ያሉት ስለ ራሳቸው እግር እንዳትጠይቃቸው ነው። እርሷም አልጠየቀችም።

አክስቴ ወደ መጨረሻው ክፍል እገባለሁ አለች። በዚያ በመስታወት ውስጥ የተደረደሩት ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞች፣ የራስ ቅሎች፣ አብረው የተገኙ ልብሶችና ጥቃቅን ዕቃዎች ናቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ መቃብሮቹ ሲከፈቱ ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች አስከሬኖቹን በመለየት እንደረዱ፣ ከአንዱ መቃብር በወጡት ሰዎች አንገት ላይም የታነቁበት የናይለን ገመድ እንዳለ መገኘቱን አስጎብኚው ነገሩን። አክስቴ አጽሞቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ የወንድሟ መቃብር የት እንደሆነ ስለማታውቅ በዚያ ካሉት አንዱ እርሱ ሊሆን እንደሚችል ማሰቧን ከፊቷ አነበብኩ። አስጎብኚውም አንብበውት ኖሮ፣ ከአጽሞቹ ፊት ቀስ ብለው ወደ ፎቶግራፎቹ ግድግዳ መለሷትና የወንድሟን ስም ጠየቋት።

ፎቶግራፉ ነበር። እኛ ሳናውቅ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያመጣው ይሆናል፤ አፍሮ ጠጉር፣ ሰፊ ኮሌታ ያለው ነጭ ሸሚዝ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው። አክስቴ ጣቷን ወደ ኮሌታው አስጠግታ «ይችን ኮሌታ በከሰል ካውያ የተኮስኩለት እኔ ነኝ» አለች። በአማርኛ ልብስም ይተኮሳል፣ ጥይትም ይተኮሳል። ከዚያ ቀን በፊት አክስቴ ለልብስ «ተኮስኩ» ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ «ካውያ አደረግሁ» ነው የምትለው፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

በዚህ ጊዜ አስጎብኚው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወገባቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትናንት ሐዘን ለደረሰበት ሰው እንደሚባለው «እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ነፍሱን በገነት ያኑርልን» አሏት። ወንበርም አመጡላት። ለራሳቸውም ሌላ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና፣ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው እንደሚቀመጠው፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ምንም ሳይናገሩ ቆዩ። አክስቴ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ስሙን እየጠራች፣ ቁመቱንና ሳቁን እያነሳች አለቀሰች። ከኋላችን ሌሎች ጎብኚዎች ደርሰው ነበር፤ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ነገሩን አይተው ጎብኚዎቹን በሌላ በኩል ወሰዷቸው። ሲረጋጋላት አክስቴ አስጎብኚውን ቀና ብላ አይታ፣ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሲነግሯት «እንግዲያው እኩያ ናችሁ» አለችና ሽበታቸውን ስታይ ቆየች።

ከአርባ ዓመት በላይ ተከልክሎ የቆየ ለቅሶ ነበር። ያንን ለቅሶ በሥራ ሰዓታቸው፣ በሥራ ቦታቸው ተቀምጠው የተቀበሉልን እኚህ ሰው ናቸው፤ ምስጋናዬም በዋናነት ስለዚህ ነው።

ልጄ ከመውጣታችን በፊት «ይህን ያደረጉት ሰዎችስ የት ደረሱ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ጋሼ ሳይራገሙ፣ ሳይቸኩሉ መለሱላት። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በ1984 ዓ.ም. ተቋቁሞ ክሱ ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት እንደጀመረ፣ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ላይ ኮሎኔል መንግሥቱና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ መባላቸውን፣ ኮሎኔሉ ግን ከግንቦት 1983 ዓ.ም. ጀምሮ ዚምባብዌ በመሆናቸው ፍርዱ በሌሉበት መሰጠቱን አስረዷት። ከዚያም በውጭ አገር የተገኙትን አነሱ፤ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የቀድሞ እስረኛው ለይቶ ያወቀው የእስር ቤት ጠባቂ በሐሰት ማንነት ዜግነት በማግኘቱ በ2006 ዓ.ም. የ22 ዓመት እስራት እንደተፈረደበት፣ በኔዘርላንድስ ደግሞ የሄግ ፍርድ ቤት በጎጃም ለተፈጸመው ወንጀል፣ በደብረ ማርቆስ የተገደሉትን 75 እስረኞች ጨምሮ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ የደርግ ሹም ላይ የዕድሜ ልክ እስራት መፍረዱን ነገሯት። ልጄ ማታ ቤት ስንደርስ ቀኖቹን በደብተሯ ላይ ጽፋ አገኘኋት።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን መግቢያው በነጻ ነው፤ የሚተዳደረው በአብዛኛው በለጋሾች ድጋፍ ስለሆነ ግን በሩ አጠገብ ባለው የመዋጮ ሣጥን አቅማችሁ የፈቀደውን ሳትጥሉ አትውጡ። ቤቱ ትንሽ ነው፤ በሩጫ ካያችሁት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እኛ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን፤ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ፣ ሌላ ቀጠሮም አትያዙበት። ብቻችሁን ከመዞር ይልቅ አስጎብኚ ጠይቁ፤ ያለ እርሳቸው ፎቶግራፎቹ ፎቶግራፍ ብቻ ሆነው ይቀሩብኝ ነበር። ትንንሽ ልጆችን ወደ አጽሙ ክፍል ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ሰው ያጣ አዛውንት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ገና ስትገቡ ለአስጎብኚው ንገሩ፤ ቀሪውን እርሳቸው ያውቁበታል። ከዋሽንግተንም፣ ከዴንቨርም፣ ከአውሮፓም ለክረምት የምትመጡ ወገኖች፣ ወላጆቻችሁ ያን ዘመን ሸሽተው የወጡ ከሆነ፣ ልጆቻችሁን ወደ እንጦጦና ወደ ቢሾፍቱ ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ጠዋት ለዚህ ቤት ስጡ እላለሁ። እነዚህ አስጎብኚዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ይህን አሁኑኑ ማድረጉ ይሻላል።

አክስቴ ሰሞኑን ድፎ ዳቦ እንድትደፋ ኮባ ፈልጊልኝ ብላኛለች። የፊታችን ቅዳሜ ለጋሼ ይዘንላቸው እንሄዳለን።