ደሴ ላይ ቢዝነስ ለምትማሩ፦ የእንግሊዝኛ መምህራችንን ላመስግን፣ ልጠቁምም

ሰሞኑን «የቅዳሜና እሁድ ዲግሪ የት ልመዝገብ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አካውንቲንግና ፋይናንስ ጨርሼ የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ወዲህ የሰፈር ልጅ ሁሉ አማካሪ አድርጎኛል። ስለ ኮሌጅ ሕንጻ ውበት የምለው የለኝም። የምጠቁመው ሰው ግን አለኝ፤ እሷም የአካውንቲንግ መምህር ሳትሆን የእንግሊዝኛ መምህር ናት። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ አስጠንቅቃኛለች፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

የቢዝነስ ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አንድና ሁለት የሚባሉ ኮርሶች ይወስዳል። እውነቱን እንነጋገርና ብዙው ተማሪ እንደ ትርፍ ነው የሚያያቸው። «እኛ የመጣነው ለዴቢትና ክሬዲት ነው» ይባላል፣ አቴንዳንስ ላይ ተፈርሞ ይወጣል። ከዚያ ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ ሲመጣ ያው እንግሊዝኛ በሌላ በር ይገባል፤ ሞጁሉም፣ ጥያቄውም፣ አሳይመንቱም በእሱ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ «ሂሳቡ ከበደኝ» ይላል።

ቲቸር ይህን ስለምታውቅ ገና ከመጀመሪያው የአካውንቲንግ ሞጁላችንን ይዘን እንድንገባ አደረገች። ሰዋስው አላስተማረችም ማለቴ አይደለም፤ አስተምራለች፣ ግን ዓረፍተ ነገሩን የምታወጣው ከራሳችን መጽሐፍ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈች፦ አንድ ድርጅት መጋቢት 1 ቀን 200,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበደረ፤ ወለዱ የሚከፈለው ዓመት ሲሞላ ነው፤ የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመዝጊያው ቀን የሚመዘገበው ወለድ ስንት ነው? በአማርኛ ስጽፈው ቀላል መሰላችሁ። በእንግሊዝኛ ረዥም አንቀጽ ሆኖ፣ ቀኑ መሐል ላይ ተሸጉጦ ሲመጣ ግን የክፍሉ ግማሽ 30,000 ብሎ ቁጭ አለ። ያ የሙሉ ዓመቱ ነው። እስከ ሰኔ 30 ያለው አራት ወር ብቻ ስለሆነ መልሱ 10,000 ነው። ማባዛት ያቃተው ሰው አልነበረም፤ ሰኞ ገበያ ሚዛን ስር ያደገ ልጅ ማባዛት አያቅተውም። ቀኑን ግን ማንም ልብ ብሎ አላነበበውም።

ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ውስጥ ደንብ ወጣ። ካልኩሌተር ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ የጥያቄው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ ምን እንደተፈለገ እንዲታወቅ። ቀንና መቶኛ ይሰመርበታል። ቀጥሎ አንዱ ተነስቶ ጥያቄው ምን እንደሚል በራሱ አነጋገር ያስረዳል፣ ቢፈልግ በአማርኛ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ጣት ካልኩሌተር የሚነካው። አንድ ጓደኛችን «ቲቸር፣ ወለድ ሐራም ነው፣ እኔ ለምን አሰላለሁ?» ብሎ ሲቀልድ፣ እሷም ቀበል አድርጋ «አስላው አልኩህ እንጂ ብላው አልኩህ?» አለችው። ልጁ አሁን ባንክ ውስጥ ከወለድ ነፃ መስኮት ላይ ነው የሚሠራው፤ እስከ ዛሬ እንስቅበታለን።

ፕሬዘንቴሽኗም እንደሌላው አልነበረም። ከኢንተርኔት የተገለበጠ የትልልቅ ካምፓኒ ታሪክ አትቀበልም። የምታውቁትን ንግድ አምጡ ትላለች። አንዷ የእናቷን የበርበሬ ንግድ አመጣች፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ጂቡቲ እስኪሄድ የሚሞሉትን ሰነዶች ዘረዘረ። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡ፣ በንብረት ክፍል ብዙ ዘመን የሠሩ ጋሼ ነበሩ፤ ተራቸው ሲደርስ ላብ አጠመቃቸው። «አብሽሩ ጋሼ፣ የሚያውቁትን ነው የሚነግሩን» አለቻቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ቆጠራ ነገሩን፤ ቢን ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) እና መጋዘኑ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚፈርም፣ ጉድለቱ በማን ላይ እንደሚመዘገብ። ከኦዲት ኮርሱ ይልቅ እኔ ከእሳቸው ነው የተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የሚፈተነው ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የሚሰጠውም በኮምፒውተር። እኛ ስንደርስበት እሷ የምታስተምረን ኮርስ ካለቀ ቆይቷል። ቢሆንም ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል አስፈቅዳ ጥያቄ ታስነብበን ነበር፣ ያለ ምንም ክፍያ። ከመካከላችን በ2014ቱ ጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠ፣ ሞጁላቸውም የጠፋባቸው ልጆች ነበሩ፤ የራሷን ቅጂ አውጥታ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ሰጠቻቸው። ገንዘብ አዋጥተን ስጦታ ልንገዛላት ስንል ተቆጣች። ሻይ ብቻ ጋብዙኝ አለች፤ ሻዩንም ራሷ ከፈለች። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ እግዚአብሔር ይባርካት፤ ሁለቱም ምርቃት ከክፍላችን ነው።

ጉድለቷንም ልናገር፣ ጥቆማ ነውና። የሰሌዳ ጽሕፈቷ አይነበብም። ፈጥና ነው የምታወራው። ማርፈድ አትወድም፤ የኮምቦልቻው መንገድ ዳገት ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፣ መኪናው ቆመ ብትሏት «ጉሙ ትናንትም ነበር» ነው መልሷ። ወረቀቱን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትከብዳለች፤ እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ሴክሽን ይፈልግ፣ ወንበሩ ለሚማር ይጠቅማል።

ኮሌጅ ለመምረጥ ለምትጠይቁኝ ደግሞ የምለው አጭር ነው። የግል ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠውን የዕውቅና ፈቃድ አሳዩን በሉ። ፈቃዱ ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም፤ የምትማሩት ፕሮግራም፣ የምትማሩበት ካምፓስ ስሙ ተጽፎ ይኑር። ሬጅስትራሩ ቢሮ የሚያመነታ ካለ ውጡ። እሷ ያለችበት ኮሌጅ ስጠይቅ ወዲያው ነው ያሳዩኝ።

የእሷን ሴክሽን የምትፈልጉ ምዝገባ እንደተከፈተ ቶሎ ሂዱ፣ ቶሎ ይሞላል። ከሐይቅና ከኮምቦልቻ የምትመጡ የጠዋቱን ሳይሆን የከሰዓቱን ምረጡ። የመጀመሪያ ቀን የፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ ሞጁላችሁንና እርሳስ ይዛችሁ ግቡ፤ ካልኩሌተሩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።