ሊኑክስ ሚንት በአጎቴ ላፕቶፕ ላይ፦ ከወራት በኋላ የታዘብኩት

ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት አፕዴት ማግኘቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ የአጎቴ ላፕቶፕ ምን ይሁን የሚለው ነገር እኔንና ታናሽ ወንድሜን ክፉኛ አከራከረን። ማሽኑ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ አለው። ለአጎቴ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ግን ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል።

ወንድሜ ሩፈስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍላሽ አዘጋጅተን፣ የመስፈርቱን ፍተሻ አልፈን ዊንዶውስ 11 እንጫን አለ። ይሠራል፣ አልካድኩም። ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። መስፈርቱን ላላሟላ ኮምፒውተር በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ አፕዴት በራሱ አይመጣም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ መጫን አለበት። ያ ሰው ደግሞ አጎቴ አይሆኑም። እኔ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሲስተም ሊኑክስ ሚንት ይሁን አልኩ። ወንድሜም "አንተ በሌለህበት ቀን ቢበላሽ ማን ያይላቸዋል? ዊንዶውስን እኮ ጎረቤት ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል" አለኝ። በክርክሩ ሁሉ ከሰማሁት ይህ ከባዱ ነጥብ ነበር።

አጎቴ ሁለታችንንም በትዕግሥት ሰምተው፣ "እኔ ደብዳቤዬን ልጻፍ፣ ፎቶዬን ልይ፣ ዜናዬን ላንብብ እንጂ ስሙ ምንም ይሁን ግድ የለኝም" አሉ። ሚንት 22ን ከሲናመን ገጽታው ጋር ጫንኩላቸው።

ያለ ችግር የሄደውን ቶሎ ልለፈው። ሜኑው ከታች በግራ በኩል ነው፣ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ከታች ይደረደራሉ፣ ፋየርፎክስም ያው ፋየርፎክስ ነው። አጎቴ ፋይሎቻቸውንና ፎቶዎቻቸውን ለማግኘት ማንንም አልጠየቁም። አፕዴቱን በራሱ እንዲጭን አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፤ ሪስታርት ሲያስፈልግ ያሳውቃል እንጂ በሥራ መሃል ራሱን አጥፍቶ አይነሳም። ታይምሺፍት የሚባለው ፕሮግራምም የሲስተሙን ቅጂ በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ አፕዴት ነገር ቢያበላሽ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ታይምሺፍት በነባሪው የሚይዘው ሲስተሙን እንጂ የግል ፋይሎችን አለመሆኑን ነው። የአጎቴን ፎቶና ጽሑፍ ለብቻው ወደ ውጫዊ ዲስክ እገለብጣለሁ።

የከበደው አማርኛ መጻፉ ነበር። አጎቴ ለዓመታት የለመዱት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። ሚንት ላይ አይባስ ከሚባለው የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ጋር፣ አማርኛን በላቲን ፊደል ቁልፎች የሚያስጽፈውን ሴራ የተሰኘ አጻጻፍ አስገባሁላቸው። እዚያ ትንሹ የላቲን ቲ "ት"ን ሲሰጥ ትልቁ "ጥ"ን ይሰጣል፤ ትልቁ ኤስ "ጽ" ነው። ጣታቸው ሌላ ስለለመደ መጀመሪያ ሰሞን አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ሲታገሉ ማየት ያሳዝን ነበር። የፊደሎቹን ሰንጠረዥ በትልቁ አትሜ ስክሪኑ አጠገብ ለጠፍኩት። አሁን ቀና ብለው የሚያዩት ለ"ጨ" እና ለ"ጰ" ብቻ ነው።

ከዚያ የፎንቱ ጣጣ መጣ። የድሮ ደብዳቤዎቻቸው በሙሉ ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) የተጻፉ ናቸው፤ ኒያላ ደግሞ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሚንት ውስጥ የለም። ሚንት ላይ በዎርድ ፈንታ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ በሌላ ፎንት ሲተካው የመስመሩ ቁመት ይለወጣል። በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ፊርማው ወደ ሁለተኛው ገጽ ወርዶ ብቻውን ቆመ። አጎቴ ለደብዳቤ መልክ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸውና በጣም ከፋቸው። አዲሶቹን አቢሲኒካ በሚባለው ፎንት እንዲጽፉ፣ ሲልኩም በፒዲኤፍ እንዲያደርጉ ተስማማን፤ ችግሩም ቆመ። የቆመው ግን ደብዳቤዎቻቸውን ሌላ ሰው ስለማያርማቸው ነው። ሠንጠረዥ የበዛበትን የዎርድ ፋይል ከባልደረቦቹ ጋር ቀኑን ሙሉ እየተቀባበለ የሚያርም ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ ሚንትን ከነጭራሹ አላነሳላቸውም ነበር። ዎርድን በብሮውዘር መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ለከባድ ሥራ ሙሉውን ፕሮግራም አይተካም።

ወንድሜ የፈራውም ደርሷል። እኔ ርቄ በነበርኩበት ጊዜ አጎቴ የተላከላቸው ቪዲዮ አልከፈት ብሏቸው ጎረቤት ያለ ወጣት ጠሩ። ልጁ በቅንነት የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም አውርዶ ደጋግሞ ቢጫነው አልነሳ አለው፤ ፋይሉ ለዊንዶውስ ብቻ የተዘጋጀ፣ ኢኤክስኢ የሚባለው ዓይነት ነበርና። "ይሄ ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት መሰለኝ" ብሏቸው ሄደ። አጎቴ በጭንቀት ደወሉልኝ። የሚንትን የፕሮግራም መጫኛ ሶፍትዌር ማኔጀሩን አስከፍቼ፣ ቪኤልሲ የሚባለውን ቪዲዮ ማጫወቻ በስሙ አስፈልጌ፣ በስልክ እየመራኋቸው ራሳቸው ጫኑት። ለእሳቸውም ለእኔም ትልቅ ቀን ነበር። ሆኖም የወንድሜ ነጥብ ነጥብ ነው፤ ያን ቀን ስልኬ ዝግ ቢሆን ኖሮ አጎቴ ቫይረስ አለ ብለው ላፕቶፑን አጥፈው ያስቀምጡት ነበር።

ስለዚህ አሁን ሰው ምን ልጫን ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ኮምፒውተሩ ከመጠየቄ በፊት ሲቸግርህ ለማን ትደውላለህ እላለሁ። የሚደውለው ለእኔ ከሆነና ሥራው ብሮውዘር፣ ፎቶና ተራ ጽሑፍ ከሆነ ሚንትን ያለ ማመንታት እጭንለታለሁ። የሚደውለው ሚንትን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከሆነ፣ እኔ ሊኑክስን ስለምወድ ብቻ እሱን ብቻውን ማስቀረት ተገቢ አይመስለኝም። የሒሳብ ሥራ የምትሠራው እህታችን ፕሮግራሟ ዊንዶውስ ስለሚፈልግ እዚያው ናት። ወንድሜም እኔም በዚህ አልተከራከርንም።

ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ ዲስኩን ሳትነኩ ሚንትን ከፍላሽ አስነሡትና ባለቤቱ ራሱ አንድ ከሰዓት ይቀመጥበት። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራና ፕሪንተር ይፈተሹ፤ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱም ይታይ። የሚጽፍበት ቋንቋም ይሞከር፣ እኛን ያደከመን እሱ ነበርና። የአጎቴ ላፕቶፕ የጣት አሻራ አንባቢ እስካሁን አልሠራም፤ በፓስወርድ ነው የሚገቡት። ሚንት 22 እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል፤ ወደሚቀጥለው የማሻገሩን ሥራ ለራሴ ወስጃለሁ።