17 ሆነን በመርከብ ቤርሙዳ፦ ክሩዙን እንዴት መረጥን፣ እንዴትስ አገኘነው

17 ሆነን ቤርሙዳ ደሴት ደርሰን መጣን። ከባልቲሞር ተነስተን፣ አምስት ሌሊት፣ ደርሶ መልስ። ሁላችንም ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የምንኖር፣ ለዓመታት አብረን እቁብ የምንጥል ጓደኛሞች ነን። የመምረጡን ሥራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጉዞውን ወድጄዋለሁ፤ ደግሜም እሄዳለሁ። ግን ለብዙ ሰው ክሩዝ መምረጥ ለባልና ሚስት ከመምረጥ ፈጽሞ ይለያል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የቡድናችን ወሬ ሁሉ ስለ ግዙፎቹ መርከቦች ነበር። በተለይ ከማያሚ ስለምትነሳው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ። 20 ፎቅ አላት፤ ስትሞላ 7,600 ተሳፋሪ ትይዛለች። ቪዲዮዋን በቫይበር ያልላከልኝ ሰው የለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። 17 ሰው ማያሚ ድረስ ሲበር ወጪው ብዙ ነው፤ የአንዱ በረራ ቢዘገይ መርከቧ አትጠብቅም። ደግሞ አብሮ ለመሆን ሄዶ ከተማ በሚያህል መርከብ ውስጥ መበታተን ምን ይጠቅማል?

ባልቲሞር ግን ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በአምስት መኪና ሄድን፤ አቁመን ገባን። ከዚያ የሚነሱት መርከቦች መካከለኛ ናቸው፤ ምክንያቱ ድልድይ ነው። ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት አናፖሊስ አጠገብ ባለው የቤይ ድልድይ ስር ማለፍ ግድ ነው። ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ ያለው ክፍተት 186 ጫማ ገደማ ስለሆነ ግዙፎቹ አያልፉም። እኛ የሄድንባት 2,000 ሰው ገደማ የምትይዝ ነበረች። የውሃ መንሸራተቻ ብርቅ ለሚሆንበት ልጅ ታንስ ይሆናል። ለእኛ ግን ልክ ነበረች። በሁለተኛው ቀን ማን የት ቁጭ እንደሚል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ወረቀት።

በአንድ የሐበሻ ቡድን ውስጥ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው፣ ግሪን ካርድ ያለውና ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት አብረው ይገኛሉ። እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁሉንም በግል ጠይቁ። በግሩፑ ላይ አይሆንም፤ ሰው በአደባባይ የማይናገረው ነገር ነው። ከእኛ መካከል ሁለቱ በግሪን ካርድ ነበሩ፤ ቤርሙዳ ለመግባት ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ያስፈልጋቸው ነበር። የአንዷ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጊዜው አልፎ ነበር። ዋሽንግተን ኤምባሲ ተመላልሳ ለማሳደስ ወራት ስለነበራት ተረፈች።

18ኛዋ ጓደኛችን ግን ቀረች። የጥገኝነት ጉዳይዋ አልተወሰነም። ቅድመ ፈቃድ ሳይኖራት ከአሜሪካ ብትወጣ ማመልከቻዋን እንደተወችው ይቆጠራል። «ታዲያ ፍሎሪዳ ብቻ የሚሄድ ክሩዝ ፈልጊ» ያሉኝ ነበሩ። አይገኝም። በ1886 የወጣ ሕግ አለ፤ የውጭ አገር ባንዲራ የምታውለበልብ መርከብ የአሜሪካ ወደቦችን ብቻ እየነካች መንገደኛ ማመላለስ አትችልም። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የተመዘገቡት ባሃማስና ፓናማ ነው። ስለዚህ የሆነ ቦታ የሰው አገር መርገጣቸው አይቀርም። እንዲህ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ጠበቃ ሳይጠየቅ ስሙን እንዳታስመዘግቡ።

ስምም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የጉዞ ወኪሉ የአምስታችንን ስም ከፓስፖርቱ በተለየ የእንግሊዝኛ ሆሄ ጽፎት አገኘሁ። የአንዷን ደግሞ የባሏን አባት ስም አድርጎባት ነበር። እያንዳንዱን ፓስፖርት ፎቶ አስልኬ ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄደብኝ፤ አይቆጨኝም።

ገንዘቡን በእቁብ ነው ያጠራቀምነው። ከነሐሴ እስከ ግንቦት፣ አሥር ወር፣ በወር 100 ዶላር። ለአንድ ሰው ማውጣቱን ትተን በጋራ አስቀመጥነው። መስኮት የሌለው ክፍል ታክስና የወደብ ክፍያን ጨምሮ ለአንድ ሰው 780 ዶላር መጣ። ለሠራተኞች የሚከፈለው ቲፕ በቀን 18 ዶላር ነበር። የተረፈው ለአውቶቡስና ለጀልባ ሆነ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከስምንት ክፍል ጀምሮ እንደ ቡድን ይመዘግባሉ፤ ለ16 ከፋይ የአንድ ሰው መነሻ ዋጋ ይቀንሳሉ። ይቺን ቅናሽ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ዝም የሚል ወኪል አለ። እኛ ጎዶሎ ቁጥር ስለነበርን አንዷ ብቻዋን ነበር የምታድረው። ብቻውን የሚያድር ሰው ደግሞ የሁለት ሰው ዋጋ ይጠየቃል። ቅናሹን ሙሉውን ለእሷ አዋልነው። ማንም አላጉረመረመም። እንዲህ ያለው ነገር ከመነሻው ካልተነጋገሩበት በኋላ ቅሬታ ያመጣል።

የመጠጥ ፓኬጅ ለመግዛት ካሰባችሁም ማን ከማን ጋር እንደሚያድር ቀድማችሁ አስቡ። በእኛ መርከብ አንዱ ከገዛ፣ በዚያ ክፍል ያለው ሌላ አዋቂም መግዛት ነበረበት። የማይጠጡትን አራት ሰዎች ለብቻቸው አጣመርናቸው።

ቀኑን የመረጥነው በጾም ነው። ዘጠኞቻችን ጿሚ ነን። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው፤ በፈረንጁ እስከ ኦገስት 22። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ያዝን። ጊዜው የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ኢንሹራንስ የገዛነውም ለዚህ ነው። ባሕሩ ግን ጥሩ ዋለ። እንደዚያም ሆኖ አርብ አትቀርም። አርብ ዕለት «ቬጀቴሪያን ነኝ» ያለችው ጓደኛዬ አይብ የለበሰ ፓስታ መጣላት። ቃሉ «ቪጋን» ነው። ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለበትም ማለት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የአስተናጋጆቹ አለቃ ማታ ማታ የነገውን ሜኑ ይዞልን ይመጣ ነበር። ለጿሚዎቹ በዘይት የተሠራ የህንድ ምስርና ሽምብራ አዘጋጀልን። ምስሩ እንዲያውም ከሌላው ምግብ ሁሉ በለጠብኝ። ሁለቱ ሙስሊም ጓደኞቻችን ሐላል ሥጋ እንደሚፈልጉ በምዝገባው ጊዜ አስቀድመው አሳውቀው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓሣ በሉ።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። 17ታችንም ጎን ለጎን እንድንቀመጥ ከስድስት ወር በፊት ጠይቄ፣ እሺ ተብዬ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ግን ስምንታችን ላይኛው ፎቅ፣ ዘጠኛችን ታችኛው ፎቅ ተመደብን። በጣም ተናደድኩ። ለቡድን ትልቁ ነገር መዋኛውም ትርኢቱም አይደለም፤ ማታ አንድ ማዕድ መቁረስ ነው። ጠረጴዛው የተስተካከለው በሁለተኛው ቀን ነው። ልክ እንደተሳፈራችሁ፣ ሻንጣችሁ ሳይደርስ፣ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ሄዳችሁ ጠረጴዛውን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ቡናውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንዷ ጓደኛችን ጀበና፣ ስኒ፣ እጣንና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛ መጣች። የሻንጣ ፍተሻው ላይ ምድጃውንና እጣኑን ወሰዱባት። እሳት የሚያስነሳ ነገር በሙሉ ክልክል ነው። ደረሰኝ ሰጥተዋት በመጨረሻው ቀን መለሱላት። ቆሏችን ግን በፋብሪካ የታሸገ ስለነበር አለፈ፤ ቤት የተጋገረ እንጀራ አይፈቅዱም። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ጀበናዋን ይዛ ወደ ካፌው ሄደች። ቡና የሚያፈላው ልጅ ጀበናዋን እያገላበጠ አያት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በኤስፕሬሶ ሞላላት። መስኮት ዳር ቆሎው ተዘረጋ፣ ስኒው ተደረደረ። ሦስቴ አስሞላን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አሥር ሰዓት ሲሆን ስኒዎቹን በሙቅ ውሃ አለቅልቆ ይጠብቀን ነበር።

ስትነሱ ክፍላችሁ ውስጥ አትቀመጡ። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ በ2024 መጋቢት ወር ላይ የፈረሰው የኪይ ድልድይ ቦታ አለ። ስድስት የመንገድ ሠራተኞች የሞቱበት ነው። መርከቧ በዚያ ስታልፍ ላይኛው ፎቅ ላይ ጨዋታው ሁሉ ቆመ። አንዷ አማተበች። ሌላው ቆቡን አወለቀ። ቆየት ብሎ ቤይ ድልድይ መጣ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከታች ሆኖ ሲያዩት የመርከቧ ጭስ ማውጫ ድልድዩን የሚመታው ይመስላል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቀና ብለን ቆምን። አለፈች። 17 ሰው ባንድነት እልል አለ፤ የማናውቃቸውም ሰዎች አጨበጨቡ።

ቤርሙዳ ላይ የምንቆየው ግን ለአጭር ጊዜ ነው። መርከቧ አንድ ሌሊት እዚያው አድራለች። ታክሲ ለ17 ሰው አይቀመስም፤ በሮዝ ቀለሙ የከተማ አውቶቡስ ሆርስሹ ቤይ ሄድን፤ አሸዋው ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነው። በጀልባ ደግሞ ሐሚልተን፣ 20 ደቂቃ። የቤቶቹ ጣሪያ ሁሉ ነጭና እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። ደሴቷ ወንዝ ስለሌላት የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙት በጣሪያቸው ነው።

ከተመለስን በኋላ አዲስ እቁብ ጀምረናል። አሁን የምጠይቀው ስለ ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ነው። የአሜሪካ ባንዲራ ያላት፣ ሐዋይን ብቻ ሰባት ሌሊት የምትዞር መርከብ ናት፤ የሰው አገር አትነካም። ዋጋው ከቤርሙዳው በጣም ይበልጣል፤ በረራውም ሩቅ ነው። በወር 100 የነበረውን 200 አድርገነዋል። የቀረችው ጓደኛችን የመጀመሪያዋን ወር ከሁላችንም ቀድማ ጥላለች። ጠበቃዋን የምታናግረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።